ውሃውን ማውጣት ስንት ያስወጣል?

ነሐሴ ሲያልቅ አዲስ አበባ ውስጥ ምንጣፍ ያልተሰቀለበት አጥር ማግኘት ይቸግራል። ዓመቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ የከረመው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ይወጣል። ላቫጆዎች ከመኪናው ወረፋ ጎን ለጎን ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ ይዘረጋሉ፤ ጎማና ፓራፋንጎ ሲያጥብ የዋለው ሃይ ፕሬዠር አሁን ቀይ አበባ ያለበት ምንጣፍ ላይ ይዞራል። ቦቲ ያጠለቀ ወጣት ኦሞ ይነሰንሳል፣ ጓደኛው ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ይፈገፍጋል፣ ጥቁር አረፋ ወደ ቦዩ ይወርዳል። የምንጣፉ ባለቤት ጥላ ይዘው ቆመው ያያሉ።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ከቤትዎ የወጣ ነው» ይላቸዋል ልጁ፣ አረፋውን በብሩሹ እያሳየ።

«ተወው እሱን፤ መቼ ይደርስልኛል?»

«ፀሐይ ከወጣ ነገ ማታ።» ይህን ሲል ግን በእንጦጦ በኩል የጠቆረውን ሰማይ እያየ ነው።

የዚህ ሥራ ወጪም ትርፍም ያለው በዚህ ቀጠሮ ላይ ነው። ምንጣፍ ለማርጠብ ባልዲ ይበቃል፤ ሳሙና ከሱቅ፣ ጉልበት ከሰፈር ይገኛል። ገንዘብ የሚፈልገው የገባውን ውሃ ያሟሟውን ቆሻሻ ይዞ እንዲወጣ ማድረጉ ነው። ከአንድ ባልዲ ተነስቶ በአሥር ሺዎች ዶላር እስከሚሸጥ ማሽን ድረስ ያለውን የዋጋ ልዩነት ብትመረምሩት፣ አብዛኛው የሚከፈለው ለማርጠብ ሳይሆን ለመምጠጥ፣ ለመጭመቅና ለማድረቅ ነው።

ከውሃ በፊት ግን አንድ የሚዘለል ሥራ አለ። ሙያውን የሚያስተምሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ ምንጣፍ ውስጥ ከሚጠራቀመው ቆሻሻ ከአሥር እጅ ሰባት ስምንቱ ደረቅ ነው፤ አሸዋ፣ አቧራ፣ የልብስ ብናኝ፣ ከሰው ገላ የሚረግፍ ቆዳ። ይህ በሳሙና የሚሟሟ ነገር አይደለም። ደረቅ እያለ በመምጠጫ ወይም በማራገፍ ይወጣል፤ ውሃ ከነካው ደግሞ ጭቃ ሆኖ ወደ ክሩ ሥር ይወርድና እዚያው ይቀመጣል። ላቫጆው ላይ ያየነው ጥቁር አረፋ ደንበኛን ያስደምማል፤ ነገር ግን ግማሹ ውሃው ራሱ የፈጠረው ጭቃ ነው። እናቶቻችን ምንጣፉን ገልብጠው አጥር ላይ ሰቅለው በዱላ ሲወቁት የነበረው ትክክል ነበር። በትልልቅ የውጭ አገር ማጠቢያዎችም መጀመሪያ የሚገባበት ማሽን ከጀርባው እየመታ አቧራ የሚያራግፍ እንጂ ውሃ የሚረጭ አይደለም። የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው ተራ ቫኪዩም የዚህ ሙያ ርካሽ መሣሪያ ነው፤ ለወጣበት ገንዘብ የእሱን ያህል ሥራ የሚሠራ ሌላ ዕቃ አላውቅም።

እጥበት የሚባለው ነገር ራሱ በአራት ነገሮች ይቆማል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርበርት ዚነር እ.ኤ.አ. በ1959 በአንድ ክብ ላይ ሥሎ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሙቀት፣ ኬሚካል፣ ፍትጊያና ጊዜ። አንዱ ሲያንስ ሌላው መጨመር አለበት። የአዲስ አበባን ላቫጆ በዚህ ክብ ላይ ብታስቀምጡት ነገሩ ወዲያው ይታያል። ውሃው የቧንቧ ነው፤ በክረምት እጅ ያደነዝዛል። ሙቀት ስለሌለ ኦሞው ይበዛል፣ ብሩሹ ይጠነክራል። የሚገርመው የአራተኛው ዕጣ ነው። ጊዜ ምንም አያስከፍልም፤ ሳሙናው ተበጥብጦ ከተረጨ በኋላ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቢተዉት ብሩሹ ከሚሠራው ሥራ ብዙውን ይሠራል። ግን ዱቄቱ መሬት ሳይነካ መፈግፈግ ይጀመራል፤ ደንበኛው ቆሞ እያየ እጅን አጣምሮ መጠበቅ ስንፍና ይመስላል መሰለኝ።

ሳሙና ሲበዛ ዋጋው የሚታወቀው ከወር በኋላ ነው። «ካሳጠብኩት ወዲህ ቶሎ ቶሎ ይቆሽሽብኛል» የምትል የቤት እመቤት አልተሳሳተችም። ሳይለቀለቅ የቀረው ሳሙና ሲደርቅ ክሩ ላይ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚረግጠው እግር ሁሉ አቧራውን እዚያ ላይ ያትማል። ማለቅለቅ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ነው፤ ተጨማሪ ውሃም ተጨማሪ ማውጣት። ባለሙያዎች በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውስጥ ትንሽ አሲድ የሚጨምሩት የሳሙናውን አልካላይ ለማርከስ ነው። ሌላ ባይገኝ በብዙ ውሃ የቀጠነ አቼቶ ይህን ይሠራል።

የእድፍ ነገር ራሱን የቻለ ዓለም ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የውጭ አገር ማኑዋሎች ስለ ወይንና ስለ ኬቻፕ ይጽፋሉ። እዚህ ሶፋው ላይ የሚፈሰው አልጫ ነው። አልጫን ቢጫ የሚያደርገው እርድ ነው፤ የእርድ ቀለም አልካላይ ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ስለዚህ የአልጫ ጠብታ ላይ ኦሞ ያፈሰሰ ሰው እድፉ ዐይኑ እያየ ሲቀላ ይደነግጣል፤ ጨርቁን ያቃጠለው ይመስለዋል። አልተቃጠለም። ቀጭን አቼቶ ሲነካው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል፤ ያም ቢጫ ፀሐይ ላይ ሲውል እየሳሳ ይሄዳል፣ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልምና። በርበሬ ሌላ ነው። ቀለሙ የሚሟሟው በዘይት ውስጥ ነው፤ ወጡም በቅቤ ወይም በዘይት የተቁላላ ስለሆነ መጀመሪያ ቅባቱን የሚፈታ ነገር ካልቀደመ ውሃ እድፉን ያሰፋዋል እንጂ አያነሳውም። ቡና ደግሞ ታኒን አለው፤ አልካላይ ሳሙና ሲፈገፈግበት ቡናማው ይጠናል፤ እሱም ለአቼቶው ወገን ነው። ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህን ማወቅ ከማሽን ይቀድማል።

የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ላይ የሚገኘው የጧፍና የሻማ ጠብታ ነው። ደርቆ ሲጠነክር በቢላዋ ጀርባ ተፍቆ፣ የቀረው ላይ ወረቀት ተደርጎ በካውያ ይነሳል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ፤ ካውያው በጣም ከጋለ ሰሙን ብቻ ሳይሆን ምንጣፉንም ያቀልጠዋል። ምክንያቱም ገበያው ላይ ካለው ብዙው ምንጣፍ፣ ከቱርኳ ጋዚያንቴፕም ይምጣ ከሌላ፣ የሚሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይህ ፕላስቲክ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ እንዳለፈ ይቀልጣል።

ፖሊፕሮፒሊን አጣቢዎቻችንን መጥፎ ልማድ አስተምሯቸዋል። ቀለሙ ክሩ ከመፈተሉ በፊት ፕላስቲኩ ውስጥ የሚቀላቀል ስለሆነ በረኪና ብታፈሱበት እንኳ አይለቅም። አንድ ልጅ መቶ ምንጣፍ በበረኪና አጥቦ መቶውም ደህና ሲወጣ፣ በረኪና ለሁሉም እንደሚሆን ቢያምን አይፈረድበትም። ከዚያ በደብረ ብርሃን ሱፍ የተሠራ፣ ከአያት የተወረሰ ምንጣፍ ይመጣል። በረኪና ሱፍን ያሟሟዋል፤ ክሩ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ልፍስፍስ ይሆንና ያልቃል። ኦሞም ቢሆን ሲበጠበጥ ፒኤቹ 10 አካባቢ ነው፤ ለሱፍ ደህና የሚባለው ደግሞ ከ4.5 እስከ 8.5 ነው። መከላከያው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከምንጣፉ ጠርዝ አንድ ክር መንቀል፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ መጣል፤ ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ጥርጣሬ ካለ ሌላ ክር በክብሪት መለኮስ፤ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ በረኪናውን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ። ምንጣፉን ወደ ራሳቸው ግቢ ወስደው ከሚያጥቡት መካከል አቅም ያላቸው ሴንትሪፉጅ አላቸው። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ረጅም በርሜል ውስጥ ይገባል፤ በርሜሉ በደቂቃ 1,000 ጊዜ አካባቢ ይሽከረከራል፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ውሃው በቀዳዳዎቹ ተረጭቶ ያልቅና ምንጣፉ እንደ እርጥብ ፎጣ ሆኖ ይወጣል። አጥር ላይ ተሰቅሎ ቀናት የሚፈጀው በሰዓታት ይደርቃል ማለት ነው። ዋጋው ግን በማሽኑ አያበቃም። በርሜሉ የሚሽከረከረው በትልቅ ዲናሞ ስለሆነ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ይፈልጋል፤ ከሥሩ ንዝረቱን የሚችል ኮንክሪት፤ ዙሪያውን ቦታ። ቦታ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከማሽን በላይ ሊወደድ ይችላል።

የቢሮው ሞኬትና የሳሎኑ ሶፋ ግን ተጠቅልለው አይወሰዱም። ለእነሱ ማሽኑ ነው ወደ ቤት የሚሄደው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፓምፕ ሙቅ ውሃ በግፊት ወደ ክሩ ይረጫል፣ ከመርጫው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ያለው መምጠጫ በዚያው ቅጽበት ውሃውን ከነቆሻሻው ይስበዋል። ንጹሑ ውሃ በአንድ ታንክ፣ የቆሸሸው በሌላ። ዛሬ የዓለም ምንጣፍ አጣቢዎች ዋና መሣሪያ ይህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በእጅ የሚገፋው የባለሙያ ማሽን በጥቅሉ ከ1,500 እስከ 5,000 ዶላር ይሸጣል። ከዚያ በላይ ያለው ቫን ውስጥ የሚተከለው ነው፤ የራሱ ሞተር፣ ማሞቂያና መምጠጫ አለው፣ ውሃውንና አየሩን በረጅም ጎማ ወደ ቤት ያስገባል። አዲሱ ከ10,000 ዶላር በታች በብዛት አይገኝም፤ ትልልቆቹ፣ ቫኑ ሳይቆጠር፣ 30,000ን ያልፋሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1901 የሠራው ቫኪዩም ቤት ውስጥ አይገባም ነበር፤ በፈረስ ጋሪ ተጭኖ ደጅ ይቆምና ጎማው በመስኮት ይገባል። በ1902 ለኤድዋርድ ሰባተኛ የንግሥ በዓል የዌስትሚንስተር አቢን ምንጣፎች ያጸዳው ይኸው ማሽን ነበር።

ገዢ ማሽን ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የፓምፑን ግፊት ነው። እኔ ብሆን የምጠይቀው የመምጠጡን ኃይል ነው፤ ማሽኑ ውሃን በቀጭን ቱቦ ምን ያህል ከፍታ ሊስብ እንደሚችል። ጥሩ ባለ ሦስት ደረጃ ዲናሞ 3.3 ሜትር ያህል ይስባል ተብሎ ካታሎጉ ላይ ይጻፋል። ያ ቁጥር ግን የተለካው በባሕር ወለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ መምጠጫ ደግሞ የሚሠራው በአየር ነው። 3.3 ሜትሩ እዚህ ወደ 2.5 ሜትር ይወርዳል። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ሻጩም አልዋሸም፤ የመጀመሪያው ወጥመድ ከፍታው ነው። ጄኔሬተሩም በዚያው ልክ ይደክማል፤ ውሃውም 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው መርጫውን ዘግቶ በደረቁ የሚስብበትን ምልልስ መጨመር አለበት። የውጭው ማኑዋል አንድ ጊዜ ሳብ ካለ እዚህ ሁለት ጊዜ፤ ነሐሴ ከሆነ ሦስት።

ሁለተኛው ወጥመድ መብራት ነው። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ካሉ ወገኖቻችን መካከል በጽዳት ሥራ የተሰማሩ ብዙ ናቸው፤ ለወንድም ለእህት ሥራ መክፈቻ ብሎ ማሽን በካርጎ መላክ የተለመደ ስጦታ ነው። የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት ገደማ ነው፣ የእኛው 220። ማሽኑ ትራንስፎርመር ሳይኖር ከተሰካ ዲናሞው ጥቂት ይጮህና ይጨሳል። ትራንስፎርመር ይገዛ ቢባል እንኳ ከ3,000 ዋት በላይ የሚችለው ከባድ ብረት ነው፤ ፎቅ ይዞ መውጣት አለ። የአሜሪካው ማሽን ብዙ ጊዜ ሁለት ገመድ ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚያ አንዱ መደበኛ መስመር የሚችለው 1,800 ዋት ብቻ ስለሆነ ማሽኑን ከሁለት ክፍል መስመር መመገብ አለባቸው። የእኛ ባለ 16 አምፒር ሶኬት ግን 3,500 ዋት ይሰጣል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ማሽን በአንድ ገመድ ይሠራል፤ በዚህ በኩል ከአሜሪካኖቹ የተሻለ ዕድል አለን፣ የቤቱ ሽቦ ያላረጀ፣ ኤክስቴንሽኑም ቀጭን ያልሆነ እንደሆነ። ያለበለዚያ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ደንበኛው ጎረቤቱን ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል።

ሦስተኛው ብሩ ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ2,000 ዶላር ማሽን በፊት 114,000 ብር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ200,000 በላይ ሆነ። ይህ ከጭነት፣ ከቀረጥና ከ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት ነው። ምንጣፉን የሚያሳጥበው ሰው ደሞዝ ግን በዚያው ልክ አላደገለትም፤ በካሬ የሚከፍለውም እንደዚያው። ስለዚህ ባለማሽኑ ዕዳውን የሚከፍለው ቀኑን በማርዘም ነው፤ ከአንድ ቤት ወደ ሌላው እየሮጠ፣ በደረቁ የሚስብበትን ምልልስ እየቀነሰ። እርጥብ ሶፋ ትቶ የሚሄደው እጁ ስለማይችል ሳይሆን ሌላ ደንበኛ ስለሚጠብቀው ነው።

ከማሽኑ በኋላ የሚመጣውን ወጪ ጀማሪ አያስበውም። የመምጠጫው ዲናሞ ካርቦን ያልቃል፤ ፓምፑ ያፈስሳል፤ የመርጫው ቀዳዳ በጨው ይደፈናል። ከሁሉ በላይ ማሽን የሚገድለው አረፋ ነው። ለማሽን የተሠራው ሳሙና ውድ ስለሆነ ላርጎ ወይም ኦሞ ታንኩ ውስጥ ይጨመራል፤ አረፋው ከቆሻሻው ታንክ ሞልቶ ወደ ዲናሞው ይገባል። ብዙ አዳዲስ ማሽን በዚህ መንገድ ዓመት ሳይሞላው ጋራዥ ጥግ ላይ ቆሟል። የደንበኛው ሶፋ ቀድሞ በላርጎ ታጥቦ ያልተለቀለቀ ከሆነም አረፋው ከዚያው ይመጣል፤ አረፋ የሚገድል ፈሳሽ በትንሹ ታንኩ ውስጥ መጨመር የግድ ነው።

ውሃ የሚያንስበት ዘዴም አለ፤ ሆቴሎችና ቢሮዎች የሚመርጡት። 43 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በደቂቃ 175 ጊዜ የሚዞር ክብ ማሽን፣ ከሥሩ ፓድ፣ ምንጣፉ ላይ በስሱ የተረጨ ኬሚካል። ኬሚካሉ ቆሻሻውን ይከብና ሲደርቅ እንደ ቅንጣት ይሆናል፤ በማግሥቱ በቫኪዩም ይነሳል። በአንድ በሁለት ሰዓት ስለሚደርቅ ስብሰባው ሳይስተጓጎል ይሠራል፤ ማሽኑም ከመምጠጫው ይረክሳል። ጥልቅ ቆሻሻን ግን አያወጣም፤ ልጅ የሸናበት ምንጣፍ በዚህ አይነሳም።

እርጥብ ሆኖ የሚቀር ምንጣፍ ምን ይሆናል? ውሃው ከሥር ወደ ላይ እየደረቀ ሲመጣ የተረሳውን እድፍ ይዞ ይወጣል፤ «ለቅቆ ነበር፣ ተመልሶ መጣ» የሚባለው ይህ ነው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ሻጋታ ይጀምራል፤ ያ የታፈነ ጨርቅ ሽታ። ከጀርባው የተለጠፈው ሙጫም መላቀቅ ይጀምራል፤ ምንጣፉ ይጨማደዳል። የአዲስ ዓመት እጥበት ዝናቡ ባላባራበት ሳምንት ላይ መውደቁን ማንም አይለውጠውም፤ ስለዚህ ሊለወጥ የሚችለው የማድረቂያው ነገር ነው። ወለሉን ታክኮ አየር የሚገፋ የባለሙያ ማራገቢያ በውጭ ገበያ ከ100 እስከ 200 ዶላር ያወጣል። ሁለት ማራገቢያዎች አንድ ላይ በአንድ ምሽት የሚሠሩትን ሥራ አንድ ሙሉ የነሐሴ ቀን ፀሐይ አይሠራውም።

ገንዘቡ ለአንድ ትልቅ ማሽን የማይበቃ ጀማሪ ቅደም ተከተሉን ቢጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ብሩሽ ያለው ደረቅ ቫኪዩም፣ ቀጥሎ መምጠጡ ጠንካራ የሆነ ባለ 220 ቮልት ማሽን ማሞቂያ ባይኖረውም፣ ከዚያ ሁለት ማራገቢያ እለዋለሁ። ማሞቂያ ያለው ማሽን መጨረሻ ይምጣ። ሙቅ ውሃ ከደንበኛው ቦይለር መቅዳት ይቻላል፤ አጣቢው ማታውኑ ደውሎ ቦይለሩ እንዲበራ ማሳሰብ፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነም የእነሱ ተራ የትኛው ቀን እንደሆነ መጠየቅ አለበት።